ስለ አንድ ያጠረ ጋቢ ለግንባታ ማጽደቂያ ክፍል የቀረበ ምስጋና

ለክብርት ወይዘሮ አመተ ሥላሴ
የቅርፊት ዳቦና ኬክ አክሲዮን ማኅበር የግንባታ ማጽደቂያ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለማቅረብና አንድ ስም እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የክፍሉ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ያለ እርሱ አንዲት ድንጋይ በሌላዋ ላይ የማትቀመጠው ክብ ማኅተምዎ ሁሉም በያሉበት ደኅና መሆናቸውን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የአዘዞ ጎረቤቶቼ ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ቅናት ይዞታል እያሉ የሚያወሩት ሐሰት ነው፤ የያዘኝ ጨጓራ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሰውአገኝ ክንዱ እባላለሁ። ደረጃዬ ዝቅ ይበል እንጂ ፈቃዱ በእጄ ያለ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነኝ፤ ከአዘዞ እስከ እንፍራንዝ ብሄድ ቤት የሠራሁለት ሰው ቁጭ በል፣ ቅመስ ሳይለኝ ማለፍ አልችልም። በተጨማሪም ፒያሳ ላይ የተከፈተውን የጎንደር ቅርንጫፋችሁን የምታስተዳድረው የወይዘሮ ትርንጎ ባል ነኝ። በመዝገባችሁ ላይ የምታወቀው በዚህ በሁለተኛው ብቻ እንደሆነ ስለተረዳሁ ነው የመጀመሪያውን አስቀድሜ የጻፍሁት።

ደብዳቤዬን ግልጽ ማድረጌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ «ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን» ከምትል ዓረፍተ ነገር በቀር ምንም ይዘውልኝ ስላልመጡ፣ ምናልባት ሕዝብ ያነበበው ደብዳቤ ረዘም ያለ መልስ ያገኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እናንተ ደጋግማችሁ ካመሰገናችሁኝ ደግሞ እኔም ማመስገን ይገባኛል፤ እንዳይምታታብዎም ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ባለቤቴን ስለመረጣችሁ አመሰግናለሁ። ትርንጎ አዘዞ ሚኒባስ መሳፈሪያው አጠገብ ከሸራ ሥር ዳቦ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ስማችሁንና አሠራራችሁን ተቀብላ፣ ኪራዩንና ድካሙን በራሷ ችላ ፒያሳ ላይ ሱቅ እንድትከፍት ፍራንቻይዝ የሚባለውን ውል ስትሰጧት፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ከእሷ ይልቅ የዘለልሁት እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን እድር ስንሰበሰብ ብድግ ብዬ የሚስቴን ሱቅ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የምሠራው እኔ እንደሆንሁ ተናገርሁ፤ ሰዉም እጅህ ይባረክ ብሎ መረቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስሠራ ለራሷ ለትርንጎ አንዲት ግድግዳ አቁሜላት አላውቅም፤ የምንኖርበት ቤት እንኳ ከአባቷ የወረሰችው ነው። አሁን ጊዜው ደረሰ አልሁ። አርክቴክቱም ሥራ ተቋራጩም በእናንተ ካልጸደቁ በቀር አካፋ መሬት እንዳይነካ የሚከለክለውን አንቀጽ ያነበበችልኝ እኔ ከእድር ከተመለስሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ አመሰግናለሁ። እንድጸድቅ ሳመለክት የሠራኋቸውን ሕንፃዎች ፎቶ እንድልክ ታዘዝሁ፤ ሸጋ ሸጋውን መርጬ ላክሁ። ከክፍልዎ የመጣው መልስ «በቀረቡት ምስሎች ላይ ግንባታ ለመመልከት አልተቻለም» ይላል። ሐቁን ልንገርዎ፤ እውነትም አይታይም። በእኛ ዘንድ ቤት ሲያልቅ ግድግዳውን ብቻውን ፎቶ የሚያነሳ ሰው የለም፤ ቢያነሳም አእምሮው ተነክቷል ይባላል። ባለቤቱ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነአማቾቹ፣ ጠበል ከረጩት ቄስ ጋር ነጭ ለብሶ ፊት ለፊት ይሰለፋል፤ ጎረቤትም ምነው እኛስ ብሎ ይጨመራል፤ ቤቱን የሠራው ሰው ደግሞ የቤቲቱ እመቤት ጋቢ ደርባለት መሐል ላይ ይቆማል። ቤቱ ከኋላቸው ነው። እንፍራንዝ የሠራሁት ፎቅ በፎቶው ላይ የሚታየው የቄሱ ጃንጥላ ያልሸፈነው የጣሪያው ጫፍ ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ያጸደቃችኋት አርክቴክት ወይዘሪት ዙህራ አዘነችልኝ። የፒያሳው የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ከማሉዲን ልጅ ናት፤ ሱቁንም በውብ አድርጋ ነድፋዋለች፤ ስለ እሷ የማማው ነገር ባገኝ ደስ ባለኝ፣ ግን አጣሁ። ጋሼ፣ ሰዎቹን ዞር በሉልኝ ብለው ቤቶቹን ብቻ እንደገና ያንሷቸው፣ ይጸድቃሉ አለችኝ። ምክሯን ተቀብዬ ስልኬን ይዤ እዚሁ አዘዞ ወደ እመት እናኑ ቤት ሄድሁ። እመት እናኑ ፎቶ መሆኑን ሲሰሙ ቀሚሳቸውን ቀይረው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ በርጩማቸውን ይዘው ከደጃፋቸው ተቀመጡልኝ። ክብርት ሆይ፣ ባሏን ቀብራ፣ ጥሪቷን አሟጣ ቤት የሠራችን ሴት ከገዛ ደጅሽ ዞር በይልኝ ማለት በየትኛው አንደበት ይቻላል? አነሳኋቸው፣ ምርቃታቸውን ተቀበልሁ፣ ተመለስሁ። የማመልከቻውም ቀን አለፈ።

ሦስተኛ፣ በእኔ ቦታ ኢንጂነር ሐዲስን ስላጸደቃችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጎንደር ይህ ሁሉ ሥራ ተቋራጭ ሞልቶ እርሱን ነጥላችሁ ያወጣችሁበት ጥበብ ይደንቀኛል። ኢንጂነር ሐዲስ ዛሬ ባለ ቢሮና ባለ መኪና ከመሆኑ በፊት ትርንጎን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። እኔም ልኬ ነበር። አባቷ ነፍሳቸውን ይማርና ሁለታችንንም አስጠርተው እጃችንን ጨበጡ፤ የእርሱ ለስላሳ፣ የእኔ ሻካራ ሆኖ ቢያገኙት ልጄን ቤት ለሚሠራላት ሰው ነው የምሰጥ ብለው ፈረዱልኝ። እኔ ነገሩ ያኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ይግባኙ እናንተ ዘንድ ተይዞ ኖሯል! ይኸው ከስንት ዘመን በኋላ የሟቹን ፍርድ ሽራችሁ ለለስላሳው እጅ ፈረዳችሁለት። የላከላችሁን ፎቶዎች ዙህራ አሳይታኛለች። ሕንፃ፣ ሕንፃ፣ ሕንፃ፤ ሰው ቀርቶ ድመት የለበትም። በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ አንድ ደስ ያለው ሰው አለመገኘቱ እናንተን አላሳሰባችሁም።

አራተኛ፣ ለቤቴ ስላመጣችሁት ጨዋታ አመሰግናለሁ። ድሮ እራት ላይ ስለ ዱቄትና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ስናማርር ነበር የምናመሽ። ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ግን የትርንጎ ስልክ ይጮሃል፤ ኢንጂነር ነው፤ ስለ ሴራሚኩ ነው። ጥቂት ቆይቶ ይጮሃል፤ ኢንጂነር ነው፤ ስለ መስተዋቱ ነው። እሷም ትስቃለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሴራሚክ አንጥፌአለሁ፤ አንድም ቀን አሥቆኝ አያውቅም። እርሱን አንቱ ትለዋለች፤ እኔን ደግሞ ኤዲያ አንተ፣ መብራቱን ያዝልኝ ትለኛለች፤ የሴራሚኩን ቀለም ለይታ ለእርሱ እንድትነግረው ነው መብራቱን የምይዝላት።

በዚህም ላይ ሄልሜት አመጣላት። ነጭ ሄልሜት፣ ከፊቱ ስሟ የተጻፈበት። ያጸደቃችሁት ሥራ ተቋራጭ ወደ ግንባታው ለሚገባ ሁሉ የራስ መከላከያ መስጠት ግዴታው መሆኑን አንቀጹን አውጥታ አስነብባኛለች፤ አንቀጹን አልጠላሁትም። ነገር ግን ስም ጻፍበት የሚል አንቀጽ አላገኘሁም። መኝታ ቤታችን ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እርሱን ነው፤ ቆሽቴ ያርራል፣ ይኸው ነው ጨጓራው።

አምስተኛ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ጠብቄ የግድግዳ ቀጥታ የምለካበትን ቱምቢዬን በኪሴ ይዤ ወደ ግንባታው ገባሁ። ጥበቃው ያልጸደቀ ሰው አይገባም የሚለውን ሰሌዳ ቢያሳየኝም የባለ ሱቋ ባል ነኝ ብዬው አለፍሁ። ቱምቢውን ከግድግዳው ጫፍ ለቀቅሁት። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ሌላውንም አየሁ፤ እርሱም ቀጥ ያለ ነው። ማዕዘኑን በእጄ ዳሰስሁት፤ ልስኑን በጥፍሬ ቧጨርሁት፤ አንዳች እንከን የለውም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ስላጸደቃችሁ በዚህ ብቻ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ እራት እንደማልበላም ተናገርሁ።

ስድስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ከላይ እንደጠቀስሁት በእኛ ዘንድ ቤት ሲመረቅ የቤቲቱ እመቤት ለሠራው ሰው ጋቢ ትደርብለታለች። እኔ እንዲህ ያለ ጋቢ ሣጥን ሙሉ አለኝ። ምረቃው ሲቃረብ ትርንጎ ፈትሏን ይዛ ወደ ሸማኔው ወደ አያ አወቀ ስትሄድ አየሁ። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ስለማውቀው ነው። ከቤቴ የወጣ ጋቢ፣ ሚስቴ የፈተለችው፣ እጇን ዘርግታ፣ እድርተኛው ሁሉ ባለበት፣ እኔ እሠራዋለሁ ብዬ በተመረቅሁበት ሥራ፣ በዚያ ሰው ትከሻ ላይ! ከክፍልዎ ጋር መጻጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለው ተረት ሲመላለስብኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አጥሩ ላዬ ላይ የወደቀ መሰለኝ።

በመጀመሪያ ያሰብሁት ለእርስዎ ማመልከት ነበር። እናንተ ያላጸደቃችሁት ማንኪያ እንኳ ከሱቁ አይገባም፤ እንግዲያውስ ጋቢውንም አልጸደቀም ብላችሁ ከልክሉልኝ ብዬ ጽፌ ነበር። መልሱ ይዘገያል ብዬ ተውሁትና ወደ አያ አወቀ ሄድሁ። ኢንጂነር ሐዲስ ቁመቱ የባሕር ዛፍ ነው። እኔ ግን አያ አወቀን የሚለብሰው ሰውዬ አጭር ስለሆነ ክንድ ከምናምን ቀንሱለት፣ ትርንጎ ናት የላከችኝ አልኋቸው። ምስኪኑ ሸማኔ እሺ ልጄ ብለው ቀነሱ። ሐሳቤ ምን እንደነበር ለእርስዎም ለሕዝቡም እናዘዛለሁ፤ ሰውዬው በሰው ፊት ጋቢው ከወገቡ ላይ ቀርቶበት የልጅ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ መስሎ እንዲታይ ነው። ቅናት ነው። አዎን፣ ቅናት ነው፤ ጨጓራ የሚባል ነገር የለብኝም፤ ሐኪም ቤት ሄጄ ታይቼ ነጻ ነህ ተብያለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የምረቃው ዕለት ፒያሳ በሰው ሞላ። የእድሩ ሰው ከፊት ተቀምጧል፤ እኔንም የክብር እንግዳ ብለው ከመሐል አስቀመጡኝ። ትርንጎ ጋቢውን ይዛ ወጣችና በእግሯ ጣት ቆማ በኢንጂነሩ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችለት። እውነትም አጠረ። ከወገቡ በላይ ቀረ። ሰዉ ሊስቅ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት፤ እኔም በሆዴ እሰይ አልሁ። ሰውዬው ግን ጎንበስ ብሎ አየው፣ ፈገግ አለ፣ አውልቆ አራገፈው፣ ከዚያም ይኼ ጋቢ የሚገባው ለባለ ሱቋ ነው ብሎ በትርንጎ ትከሻ ላይ ደረበላት። ልክ ሆነ። ለእሷ የተሠራ ያህል ልክ ሆነ። እልልታው ፒያሳን አናወጠው፤ ከጎኔ የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ እንኳ እንባቸውን ጠረጉ። ሌላ ሰው በከተማው ፊት ሚስቴን ጋቢ አለበሰ፤ ለዚያም ጋቢውን በልኳ ያስቆረጥሁለት እኔ ነኝ። አጨበጨብሁ። ምን ላድርግ፣ ክብርት ሆይ፣ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሆድ ይፍጀው ብዬ በተውሁት። ነገር ግን ትርንጎ በማግስቱ ያንኑ ጋቢ ለብሳ ሱቅ ገባች፤ የጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፣ በሩም ወደ ነፋሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልወለቀም። ክፍልዎ የላከው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያያት ፎቶ አነሳት፤ ጥቂት ሰንብቶም ያ የከበረ ደብዳቤያችሁ መጣ። አጭሩ ጋቢ ዱቄት ስለማይጠርግና እጅ ስለማይዝ፣ እንዲሁም ደንበኛን ስለሚማርክ፣ በሁሉም ቅርንጫፎች ለገንዘብ ተቀባዮች የደንብ ልብስ ሆኖ መጽደቁን ይገልጻል። ክብ ማኅተሙ አለበት። በመጨረሻም ይህን ልክ ላወጡት ለኢንጂነር ሐዲስ ክፍሉ ልዩ ምስጋና ያቀርባል ይላል።

ክብርት ሆይ፣ ይኼ ነው ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ሱቁን ይውሰድ፣ ሴራሚኩንና ሣቁን ይውሰድ። ግድግዳውም ቀጥ ያለ ነው፣ ይገባዋል። የአብዬን ወደ እምዬ ግን አይሆንም። እርሱ ጋቢውን አወለቀው እንጂ አላሳጠረውም። በክንድ ለክቼ፣ ሸማኔ አታልዬ፣ እንቅልፍ አጥቼ ያሳጠርሁት እኔ ነኝ። ስሜ በዚያ ሱቅ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ይህ ብቻ ነው የቀረው፤ ቀዳዳው የቅናት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ከሌላው በር ሁሉ መልሳችሁኛል። እንግዲህ በእድሬና በመላው ጎንደር ፊት ቅናተኛነቴን በገዛ እጄ ጽፌ ካረጋገጥሁ፣ ቢያንስ ስሙ እንዲስተካከልልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ማስረጃ ካስፈለገ አያ አወቀ ሕያው ምስክር ናቸው።

ለትዕግስትዎ፣ ለፍትሐዊነትዎ፣ ሟችን ጭምር ለሚዳኘው ሥልጣንዎ የማይነጥፍ አክብሮቴን እየገለጽሁ፣ እግዚአብሔር ክፍልዎን በማመልከቻ፣ ማመልከቻውንም በማይታዩ ቤቶች እንዲባርክልዎ እመኛለሁ።

በብዙ አክብሮት፣
ሰውአገኝ ክንዱ
ፈቃድ ያለው፣ ያልጸደቀ
አዘዞ፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለእድራችን ጽሕፈት ቤት፣ ሰው ከሚያወራላቸው ራሴው ብነግራቸው ይሻላል ብዬ
ለአያ አወቀ፣ ከይቅርታ ጋር
ለኢንጂነር ሐዲስ፣ ያለ ይቅርታ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ትርንጎ አነበበችው። ስትስቅ ቆይታ እንባዋን ጠረገችና ነገሩን ከምረቃው በፊት ታውቅ እንደነበር ነገረችኝ፤ አያ አወቀ የተረፈውን ፈትል ይዘው መጥተውላት፣ ባልሽ የሚለብሰው ሰው አጭር ነው ቢለኝ ቀነስሁት ብለዋት ነበርና። ታዲያ አውቀሽ ለምን ይዘሽው ወጣሽ ብላት፣ በዚያ ሱቅ ውስጥ አንድ አንተ የሠራኸው ነገር እንዲኖር ብዬ ነዋ አለችኝ። ምነው እንግዲያ ከክፍሉ በመጣው ቅጽ ላይ ልኩን ያወጣው ማነው ብለው ሲጠይቁሽ የእኔን ስም አልጻፍሽም ብላት፣ ጽፌ ነበር፣ ቅጹ የጸደቀ ሰው ስም ካልሆነ አልቀበልም አለኝ አለች።